ለስላሳው ኮርቻ ለምን ባሰበት?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ ከስድስት ኪሎ ሜክሲኮ ድረስ በሳይክል ሥራ እመላለሳለሁ። ሳይክሉ ከአውሮፓ የመጣ ያገለገለ ነው። አብሮት የመጣው ኮርቻ ጠንካራ ነበር። መቀመጫዬን ሲያመኝ አወጣሁትና ትልቅ ባለስፖንጅ ገዛሁ። ሁለት ቀን ደስ አለኝ፤ ከዚያ ባሰብኝ። ጠዋት ደህና ነኝ። ማታ ስመለስ ግን ፒያሳ ሳልደርስ መሀሉ ይደነዝዘኛል። የጄል ሽፋን ደረብኩበት፣ ለውጥ የለም። ባለቤቴም ልትጀምር ነው፤ የሴት የሚባለውን ልግዛላት? ለሰው ለማውራት ራሱ ያሳፍራል።»

ወንድሜ፣ እንኳን ጻፍክልኝ። የሚያሳፍር ነገር የለበትም። ጥገና ቤት የሚመጣ ደንበኛ ስለ ፍሬኑ፣ ስለ ማርሹ፣ ስለ ጎማው አፉን ሞልቶ ያወራል። የመቀመጫውን ሕመም ግን ሒሳብ ከፍሎ ሊወጣ ሲል ነው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያነሳው። ጭራሽ ሳያነሳው የሚሄድም አለ። ከጥቂት ወር በኋላ ሳይክሉን ሸጠው ሲባል እሰማለሁ። በጣም ያሳዝነኛል። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ በአንድ መፍቻና በግማሽ ሰዓት ሥራ የሚስተካከል ነበር። ያንተም ከዚያ የራቀ አይመስለኝም።

በመጀመሪያ ሁለቱን ሕመሞች እንለያቸው። አንደኛው አጥንት ላይ የሚሰማው ነው። ጠንካራ ወንበር ላይ ቀጥ ብለህ ተቀመጥና መዳፍህን ከስርህ አስገባ። ሁለት ጉብ ያሉ አጥንቶች እጅህን ይቆረቁሩታል። የመቀመጫ አጥንት የምንለው እነሱን ነው። ክብደትህን መሸከም የእነሱ ሥራ ነው። ሳይክል አዲስ የጀመረ ሰው እነዚህ አጥንቶች አካባቢ አንድ ሁለት ሳምንት ቢያመው የሚጠበቅ ነው። በመሀል እያረፈ ከነዳ ይለምደዋል።

ሁለተኛው መደንዘዝ ነው። በሁለቱ አጥንቶች መካከል፣ መሀል ላይ ባለው ስስ ቦታ ይሰማል። እዚያ ክብደት የሚሸከም አጥንት የለም። ነርቭና የደም ስር ነው የሚያልፍበት። ኮርቻው እነሱን ሲጫናቸው ይደነዝዛል። ይሄኛው አይለመድም፤ መለመድም የለበትም። «ቻለው፣ ራሱ ይለቅሃል» የሚልህ ካለ አትስማው።

አንተ የጀመረህ የመጀመሪያው ነበር። ለስላሳው ኮርቻ ሁለተኛውን አመጣብህ።

እንዴት መሰለህ? ትልቅ ባለስፖንጅ ኮርቻ ሱቅ ውስጥ በእጅህ ስትጫነው ደስ ይላል። ስትቀመጥበት ግን ሁለቱ አጥንቶች ወደ ውስጥ ይሰምጣሉ። ሊጥ በሁለት ጡጫ ሲጫኑት መሀሉ ወደ ላይ እንደሚነሳው ሁሉ፣ ስፖንጁም መሀል ላይ ይነሳና ያንን ስስ ቦታ ከስር ይገፋዋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የተመቸህ ስፖንጁ ገና አዲስ ስለነበረ ነው። የጄል ሽፋኑ ደግሞ በሚሰምጥ ነገር ላይ ሌላ የሚሰምጥ ነገር ጨመረ። ሽፋን በባህሪው ይንሸራተታልም፤ ቆዳ ይፈትጋል። አውልቀው።

ከልክ በላይ የሰፋ ኮርቻም የራሱ ጣጣ አለው። ፔዳል በመታህ ቁጥር የጭንህ ውስጠኛ ክፍል ከጎኑ ጋር ይፋተጋል። ያንን ለመሸሽ ሳታውቀው ወደ ፊት ትንፏቀቃለህ። ወደ ፊት ስትሄድ አጥንቶችህ ከሰፊው ቦታ ይወርዱና ጠባቡ ጫፍ ላይ ትቀመጣለህ። የገዛኸው ሰፊ ኮርቻ፣ የምትቀመጥበት ግን ጠባቡ ጫፍ ሆነ ማለት ነው።

ስለዚህ ልክህን ማወቅ አለብህ። ጫማ በቁጥር እንገዛለን፤ ኮርቻን ግን በዓይናችን ገምተን ነው የምንገዛው። ይሄ ልማድ እንዲቀር በጣም እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም መለኪያው እቤትህ አለ።

ካርቶን ፈልግ። የዘይት ወይም የቴሌቪዥን ካርቶን፣ ያ በውስጡ ሞገድ ሞገድ ያለው ወፍራሙ። ያልተጨማደደ ይሁን። ጠንካራ በርጩማ ወይም የሲሚንቶ ደረጃ ላይ አንጥፈው። ሶፋ አይሆንም። ስስ ቁምጣ ልበስ፤ ጂንስ ልኩን ያበላሸዋል። ካርቶኑ ላይ ተቀመጥና ሳይክልህ ላይ በምታጎነብሰው ልክ ወደ ፊት አጎንብስ። ተረከዝህን ከመሬት ትንሽ አንሳ። በሁለት እጅህ የበርጩማውን ጠርዝ ያዝና ራስህን ወደ ታች ጎትት። ግማሽ ደቂቃ ያህል እንደዚያ ቆይተህ ቀጥ ብለህ ተነስ፤ ወደ ጎን አትንፏቀቅ።

ካርቶኑን መስኮት አጠገብ ወስደህ ብርሃኑ በጎን እንዲመታው አዘንብለው። ሁለት ጎድጎድ ያሉ ቦታዎች ይታዩሃል። ካልታዩህ ጠመኔ በጎኑ ይዘህ በስሱ እሸው። የጎደጎደው ቦታ ጠመኔ ሳይነካው ይቀራል። የሁለቱንም መሀል በእስክሪብቶ ነጥብ አድርግና ከነጥብ እስከ ነጥብ በማስመሪያ ለካ። በሌላ ካርቶን ደግሞ ድገመው። ሁለቱ ልኮች ከተቀራረቡ በቃ፣ ቁጥርህ እሱ ነው።

የአብዛኛው አዋቂ ሰው ቁጥር ከ100 እስከ 150 ሚሊሜትር ባለው ውስጥ ነው። የሰውነት ውፍረት ይህን አይነግርህም። ደንዳና ሰው ሆኖ አጥንቱ የተቀራረበ አለ፤ ቀጭን ሆኖ የተራራቀ አለ። «አንተ ትልቅ ሰው ነህ፣ ትልቁን ውሰድ» የሚል ሻጭ ካጋጠመህ ካርቶንህን አሳየው።

ቀጥሎ ካገኘኸው ቁጥር ላይ ትጨምራለህ። ምን ያህል የሚለውን አቀማመጥህ ይወስነዋል። ቀጥ ብለህ የምትነዳ ከሆነ አጥንቶቹ የሚያርፉት በሰፊው በኩል ስለሆነ 30 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በላይ ጨምር። ባንተ ዓይነት ቀጥ ያለ መሪ ላይ ጀርባ ትንሽ ጎንበስ ካለ 20 አካባቢ ይበቃል። እንደ ተወዳዳሪ መሪው ላይ የሚተኛ ሰው 10 ቢጨምርም ይሆነዋል። እንግዲህ ቁጥርህ 120 ከሆነ የምትፈልገው 140 ሚሊሜትር አካባቢ የሚሰፋ ኮርቻ ነው። የኮርቻ ስፋት የሚለካው ከኋላ፣ በሰፊው ቦታ፣ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ነው። አሁን የተቀመጥክበትን ለካውና የልዩነቱን መጠን ራስህ እይ።

ያንን ያወጣኸውንም ጠንካራ ኮርቻ ለካው። አልጣልከውም መቼስ! ልክህ ጋር የሚቀራረብ ከሆነ መልሰህ ግጠመው። የምሬን ነው። ጥፋቱ የኮርቻው ሳይሆን የአገጣጠሙ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው።

አሁን ወደ ጠዋትና ማታው እንምጣ። ከጥያቄህ ሁሉ ብዙ የነገረኝ ይሄ ነው። ጠዋት ከስድስት ኪሎ ስትነሳ አብዛኛው መንገድህ ቁልቁለት ነው። አራት ኪሎን አልፈህ፣ ራስ መኮንን ድልድይ ጋ ወርደህ ወጥተህ፣ ፒያሳ፣ ከዚያ ቸርችልን ይዘህ ለገሃር። ቁልቁለት ላይ ሰው ፔዳሉ ላይ ይቆማል፣ ከኮርቻው ይነሳል፣ ይቀመጣል። ደሙ ይዘዋወራል። ማታ ያው ቸርችል ዳገት ሆኖ ይጠብቅሃል። ተቀምጠህ፣ በዝግታ፣ በቀላል ማርሽ ነው የምትወጣው።

ዳገት ኮርቻህን ያዘነብለዋል። በ100 ሜትር ርቀት 8 ሜትር የሚያስወጣ መንገድ ሳይክሉን 4.6 ዲግሪ ያህል ወደ ኋላ ያጋድለዋል። ሜዳ ላይ ልክ የነበረው ኮርቻ እዚያ ላይ ጫፉ ወደ ሰማይ ይቀናል። መጀመሪያውንም ጫፉ ሁለት ሦስት ዲግሪ ቀና ያለ ከነበረ ደግሞ ይደመራል። አንተም ወደ ኋላ ላለመንሸራተት ወደ ጫፉ ጠጋ ብለህ ወደ መሪው ታጎነብሳለህ። ክብደትህ ከአጥንቶቹ ወርዶ ስሱ ቦታ ላይ ያርፋል። ቀላል ማርሽ ለጉልበት ጥሩ ነው፤ ግን እግርህ ፔዳሉን በቀስታ ስለሚረግጥ የምትሸከመው በመቀመጫህ ነው። ፒያሳ ሳትደርስ መደንዘዙ አይገርምም።

ስለዚህ ነገ ጠዋት የመጀመሪያ ሥራህ የኮርቻውን ዝንባሌ ማየት ይሁን። ጎንበስ ብለህ ከስሩ ተመልከት። ግራና ቀኝ ዳዶ ያለው የድሮ ዓይነት ማሰሪያ ከሆነ ብዙውን ጊዜ በ13 ቁጥር መፍቻ ይፈታል። አዲሱ ዓይነት ከስር በአለን መፍቻ (ባለስድስት ጎን የታጠፈው ቁልፍ)፣ በአብዛኛው በ5 ወይም በ6 ቁጥር፣ የሚፈታ ብሎን አለው። የድሮው ዓይነት ውስጥ ጥርስ ጥርስ ያላቸው ክብ ብረቶች አሉ። ኮርቻው በተቀመጠበት ማዕዘን እንዲቆይ የሚያደርጉት እነዚህ ጥርሶች ናቸው። ተበልተው ከሆነ የቱንም ያህል ብታጠብቀው ጉድጓድ በገባህ ቁጥር ይዞራል። ክብደትህ ከኋላ ስለሆነ ጭራው ይወርዳል፣ ጫፉ ይነሳል። ሰውየው ጠዋት አስተካክሎት ማታ ሲመለስ ተበላሽቶ ያገኘዋል፤ ኮርቻውን ይረግማል። ፈትተህ ጭቃውን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጽዳ። ጥርሶቹን በጣትህ ዳስሳቸው። ሹልነታቸው የጠፋ ከሆነ ማሰሪያውን ብቻ ቀይር። ኮርቻ መግዛት አይጠበቅብህም።

ከዚያ ለካ። ስልክህ ውስጥ ውሃ ልክ አለ ወይም አውርድ። ሳይክሉን ከማቆምህ በፊት ወለሉን ራሱን ለካው፤ ስድስት ኪሎ አካባቢ ሜዳ የሚመስል ግቢ ሁሉ ሜዳ አይደለም። ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በኮርቻው ርዝመት ላይ አጋድም፣ ስልኩን ላዩ ላይ አድርግ። የኮርቻው ጭራ ከፍ ያለ ከሆነ መጽሐፉን ከፊትና ከመሀሉ ላይ ብቻ አሳርፈው። መነሻህ ዜሮ ይሁን። አንተ ዳገተኛ ስለሆንክ ከዜሮ አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ ጫፉን ወደ ታች አውርደው። ከሦስት አታሳልፍ። ካሳለፍክ ወደ ፊት መንሸራተት ትጀምራለህ፤ ራስህን በእጅህ ስትገፋ ትውላለህ። መዳፍህና ትከሻህ ያምሃል። ዳዶዎቹን ግራ ቀኝ እኩል እያፈራረቅክ አጥብቅ።

አንድ ነገር ብቻ ቀይረህ ሁለት ሦስት ቀን ንዳ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከነካካህ የቱ እንደፈወሰህ፣ የቱ እንዳሳመመህ አታውቅም።

ቀጥሎ ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከማያቸው ሳይክሎች ብዙዎቹ ኮርቻቸው ዝቅ ያለ ነው። ምክንያቱ ይገባኛል። ታክሲ ሰው ሊያወርድ ድንገት ጥግ ይይዛል፣ ረዳቱ በሩን ከፍቶ ይወርዳል፣ እግረኛ ከፊትህ ይገባል። ሰው በዚህ መሀል ተቀምጦ ሁለቱንም እግሩን መሬት ማድረስ ይፈልጋል። ግን ተቀምጠህ ሁለት እግርህ መሬት ከደረሰ ኮርቻህ ዝቅ ብሏል። ጉልበትህ ሳይዘረጋ ስለሚቀር እግርህ ክብደትህን አይቀበልም። ሙሉ ሸክሙ መቀመጫህ ላይ ይወድቃል። ጉልበትህም ከፊት በኩል መታመሙ አይቀርም።

ግድግዳ ተደግፈህ ኮርቻው ላይ ውጣ። አንዱን ፔዳል እታች አድርሰውና ተረከዝህን አሳርፍበት። እግርህ ቀጥ ማለት አለበት፣ ዳሌህ ግን ወደዚያ ጎን መውረድ የለበትም። ስትነዳ የምትረግጠው በእግርህ ጣቶች ሥር ባለው ሰፊ ቦታ ስለሆነ ያኔ ጉልበትህ ትንሽ ይታጠፋል። የሚፈለገውም እሱ ነው። በቁጥር ማረጋገጥ ከፈለግክ ባዶ እግርህን ግድግዳ ተደግፈህ ቁም፤ መጽሐፍ በእግሮችህ መካከል እስከ ላይ አስጠጋና ከመሬት እስከ መጽሐፉ የላይኛው ጠርዝ ለካ። በ0.883 አባዛው። 80 ሴንቲሜትር ከሆነ 70.6 ይመጣል። ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት ዘንግ መሀል እስከ ኮርቻው አናት፣ የኮርቻውን ቱቦ ተከትለህ ስትለካ ወደዚያ መቅረብ አለበት። መነሻ ነው እንጂ ሕግ አይደለም።

ከፍ ማድረግም ገደብ አለው። ከበዛ ፔዳሉን ለመድረስ ዳሌህ ግራ ቀኝ ይወዛወዛል። መሀሉ በኮርቻው ላይ ይታሻል፤ መደንዘዙም ቁስሉም ይመጣል። ይሄን አንተ አታየውም። ጓደኛህ ከኋላ ሆኖ ይንዳና ይንገርህ። ቱቦው ላይ የተቀረጸው የመጨረሻ ምልክት ከሳይክሉ ውጭ እንዳይታይ ደግሞ አደራ። ቱቦው ሊሰበር ይችላል። አሁን ያለህ ከፍታ ላይ ፕላስተር ለጥፍና በየሦስት ቀኑ አምስት አምስት ሚሊሜትር ከፍ እያደረግክ ሂድ።

ለታክሲውስ? መውረድን ተለማመድ። ፍሬን ስትይዝ ከኮርቻው ወደ ፊት ውረድ። አንዱ እግርህ ታች ባለው ፔዳል ላይ ይቆይ፣ ሌላው መሬት ይርገጥ። ስትነሳ ፔዳሉን ወደ ላይ አምጥተህ እሱን ረግጠህ ተነስና ተቀመጥ። እሁድ ጠዋት መኪና ሳይበዛ፣ በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመር ከተሠራላቸው መንገዶች አንዱ ላይ ሞክረው። ቶሎ እጅህ ይገባል።

ያገለገለ የአውሮፓ ሳይክል ሲባል ደግሞ አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ብዙዎቹ ለረጃጅም ሰዎች የተሠሩ ናቸው። መሪው ከራቀህ ሰውነትህ ወደ ፊት ይሳባል፣ ዳሌህ ይንከባለላል፣ ክብደትህ ከአጥንቶቹ ወደ ፊት ይሄዳል። ይህን ኮርቻ አይፈውሰውም። ምልክቱ ክንድህ ሁልጊዜ እንደተዘረጋ መቅረቱ፣ አንገትህም ማመሙ ነው። ኮርቻውን ከስር ባሉት ሁለት የብረት ዘንጎች ላይ ትንሽ ወደ ፊት መግፋት ይረዳል፤ ብዙ ከገፋኸው ግን ጉልበትህ ከፔዳሉ ያልፋል። ትክክለኛው መፍትሔ የመሪውን አንገት (መሪውን ከሳይክሉ ጋር የሚያያይዘውን ብረት) በአጭር መቀየር ወይም መሪውን ከፍ ማድረግ ነው።

መንገዱም ድርሻ አለው። ሰፈር ውስጥ ያለው ኮብልስቶን ላይ ተቀምጦ መንዳት ምርጡንም ኮርቻ ያስጠላል። ጉልበትህን አጥፈህ ፔዳሎቹን በእኩል ከፍታ አድርግና አንድ ሁለት ጣት ያህል ከኮርቻው ተነስ። ጎማህንም እይ። ጎሚስታ ጋ ስትሄድ «ሙላልኝ» ካልከው ድንጋይ አድርጎ ነው የሚሞላልህ። የጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ትልቁ ቁጥር የመጨረሻው ጣሪያ እንጂ የምትሞላበት ልክ አይደለም። ሁለት ኢንች ስፋት ላለው ጎማ፣ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው፣ 35 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ጥሩ መነሻ ነው። ቀጭን ጎማ ከሆነ ከፍ ይላል። ዳገት ላይ ደግሞ በየአምስት ደቂቃው ማርሽ አንድ ሁለት አክብድና አሥር ሰከንድ ያህል ቆመህ ንዳ። ቴዎድሮስ አደባባይ ጋ ስትደርስ ተነስ፤ ለራስህ ምልክት ይሁንህ። የታፈነው ደም መንገድ ያገኛል።

ልብስ ላይ ብዙ አልልም። ጂንስ ሱሪ መሀሉ ላይ አራት ስፌት የሚገናኝበት ወፍራም ቋጠሮ አለው፤ እሱም በትክክል የማትፈልገው ቦታ ላይ ነው። ጂንሱን ሥራ ቦታ ስትደርስ ልበሰው። ባለፓድ የሳይክል ቁምጣ ካገኘህ ከሱሪ ስር ልበሰው። ከእሱ ስር የውስጥ ሱሪ አይለበስም፤ ስፌቱ ይፈትጋል። በለበስከው ቁጥር ይታጠባል። ሰልባጅ ውስጥ ብታየው ግን አትግዛ። ፓዱ የተደፈጠጠ ነው፣ ለንጽህናም አይሆንም።

ክረምት ላይ ኮርቻህን የምትሸፍንበት ፌስታል ከስሩ አትጣ። ሽፋኑ የተቀደደ ኮርቻ ውሃ ይጠጣል። ከላይ ደርቆ ሲታይ ተቀምጠህበት ውሃው ይወጣል። እርጥብ ቆዳ ደግሞ ቶሎ ይላጣል።

እንበልና አሮጌው ኮርቻ ልክህ አልሆነም፣ መግዛት ግድ ሆነ። መርካቶ ስትሄድ ማስመሪያ ይዘህ ሂድ። ስፋቱን ለካ። በአውራ ጣትህ ተጫነው፤ እምቢ ሊልህ ይገባል። ታች ድረስ ከገባ ተወው። መሀሉ ላይ ቦይ ወይም ቀዳዳ ያለው ለሚደነዝዘው ሰው ብዙ ጊዜ ይረዳል። ሁሉንም ሰው ግን አይመችም፤ የቀዳዳው ጠርዝ የሚቆርጣቸው አሉ። ያገለገለ ከሆነ ገልብጠህ ጠረጴዛ ላይ አስተኛውና ዘንጎቹን ከኋላ እያቸው። አንዱ ከታጠፈ አንድ ወገን ዝቅ ብለህ ነው የምትቀመጠው። ከተቻለ ሻጩን ለአንድ ቀን ሞክሬ ልመልስ በለው። አንዳንዱ ሳይክል ሠሪ ዓይን አይቶ እሺ ይላል።

ከውጭ ዘመድ የሚያመጣልህ ከሆነ «ጥሩ ኮርቻ ላክልኝ» አትበል። ስፋቱን በሚሊሜትር ጻፍለት። ዘንጎቹ ክብ፣ 7 ሚሊሜትር ይሁኑ በለው። ቀላልና ውድ የሆኑት የካርቦን ዘንጎች ብዙዎቹ ሞላላ ናቸው፤ ያንተ ማሰሪያ አይዛቸውም።

ካገለገሉ ሳይክሎች ጋር አንዳንዴ ብሩክስ የሚባለው የቆዳ ኮርቻ ይመጣል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1866 በእንግሊዝ በርሚንግሃም የተመሠረተ ነው። እውነተኛ ወፍራም ቆዳ በብረት ላይ የተወጠረ ነው፤ ስፖንጅ የለውም። ሲያዩት እንጨት ይመስላል። ግን ቆዳው በጊዜ ብዛት የተቀመጠበትን ሰው አጥንት ቅርጽ ይይዛል። እኔ በጣም እወደዋለሁ። ካገኘህ ከውሃ ጠብቀው። ከራሰ እስኪደርቅ አትቀመጥበት፣ ፀሐይ ላይም አታድርቀው፤ ቅርጹ ይበላሻል።

ለባለቤትህ «የሴት» የሚል ጽሑፍ አይተህ አትግዛ። በአማካይ የሴቶች የመቀመጫ አጥንቶች ትንሽ የተራራቁ ናቸው፤ አማካይ ግን እሷን አይነግርህም። በዚያው ካርቶን ትለካ። የሴት ኮርቻ ብዙ ጊዜ ሰፋና አጠር ይላል፤ ልኳ ከሆነ ጥሩ። ጫፉ ወደ ላይ የቀና ኮርቻ እሷንም ይጎዳታል፤ ሴቶችም ይደነዝዛቸዋል። ይህን አፍ አውጥተው ስለማይናገሩ ሰው የወንድ ብቻ ሕመም ይመስለዋል። ስለዚህ አንተ ጠይቃት።

መቼም ሳትሰማ አትቀርም፤ «ሳይክል የሚነዳ ወንድ አይወልድም» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2014 በእንግሊዝ ከ5,000 በላይ ወንድ ሳይክል ነጂዎችን ያሳተፈ ጥናት ወጥቶ ነበር። ብዙ ሰዓት መንዳትን ከመካንነትም ከስንፈተ ወሲብም ጋር የሚያያይዝ ነገር አላገኘም። መደንዘዝን ግን ችላ አትበል። በአሜሪካ በሳይክል በሚዞሩ ፖሊሶች ላይ በመንግሥት የጤና ተመራማሪዎች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጥናት አለ። የፊት ጫፍ የሌለው ኮርቻ ሲሰጣቸው መደንዘዙ በእጅጉ ቀነሰላቸው። እንዲህ ዓይነቱ ኮርቻ እዚህ ብዙም አይታይም። ሁሉንም አስተካክለህ መደንዘዙ እምቢ ካለ ግን ዘመድህን ማስቸገር ያለብህ ለእሱ ነው።

ከሳይክል ወርደህ ሰዓታት ካለፉ በኋላም መደንዘዙ ካልለቀቀህ፣ ሽንትህ ላይ ደም ካየህ፣ ወይም የማይጠፋ እብጠት ከተሰማህ መፍቻውን አስቀምጠህ ሐኪም ጋ ሂድ። እስኪያይህ ድረስ አትንዳ። ለሐኪሙም በር ላይ ሳይሆን ገና ስትቀመጥ ንገረው።

የካርቶኑን ቁጥር፣ የሁለቱን ኮርቻዎች ስፋትና የስልኩ ውሃ ልክ ያሳየህን ዲግሪ ጻፍልኝ። ሜዳ ላይ ሆነህ፣ አንዱ ፔዳል ታች ደርሶ፣ ከጎን የተነሳኸውን ፎቶም ላክ። መሪው መራቅ አለመራቁን ከፎቶው አይቼ እነግርሃለሁ።